መጎተትማ ይጎትታል፦ በአንድ የመኖ ፋብሪካ ፉርጎዎች ያመለጡበት ጠዋት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። በፋብሪካ ግቢ ውስጥ የባቡር ፉርጎ በሚያንቀሳቅስ መኪና ላይ ሥራ አግኝቷል። «ፎርክሊፍት ለዓመታት ነድቻለሁ። ይሄም ያው ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ በስልክ ላስረዳው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እኔ ራሴ በነበርኩበት ግቢ የሆነውን አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልጻፍለት ብዬ ተቀመጥኩ። የሰዎቹንም የፋብሪካውንም ስም አልጠራም።

ቦታው እና ማሽኑ

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ በአንድ የእንስሳት መኖ ፋብሪካ ነው። በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ በባቡር ይገባል። ተፈጭቶ፣ ተደባልቆ በከባድ መኪና ይወጣል። የባቡር ኩባንያው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ሙሉ ፉርጎዎችን ከበሩ አጠገብ ትቶ ባዶዎቹን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ የፋብሪካው ነው።

ከበሩ እስከ ማራገፊያው ጉድጓድ ያለውን መንገድ ፉርጎዎቹን የሚወስዳቸው ማሽን እኛ ሐበሾቹ «ጎታቹ» የምንለው ነው። ትልቅ ፎርክሊፍትና ትንሽ ባቡር ተጋብተው የወለዱት ይመስላል። ጎማም አለው፣ ሐዲድ ላይ የሚሽከረከር የብረት እግርም አለው። መንገድ ላይ በጎማው ይሄዳል። መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ይቆምና የብረት እግሮቹን ሐዲዱ ላይ ያወርዳል፣ ጎማዎቹን ያነሣል። ከዚያ ባቡር ሆነ ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢሊኖይ ውስጥ የነበረው ዋይቲንግ የተባለ ኩባንያ ትራክሞባይል የሚባለውን የሠራው በፈረንጆቹ 1948 ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ዩኒሞግ የብረት እግር ተገጥሞለት ይሄንኑ ሥራ ይሠራል። የእኛው ማሽን የማን ምርት እንደሆነ ለዚህ ታሪክ ለውጥ ስለማያመጣ ልተወው።

አንድ ብልሃት ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ በእህል የተሞላ ፉርጎ እስከ 130 ቶን ይመዝናል። የእኛ ጎታች ብቻውን 15 ቶን ገደማ ነበር። 15 ቶን ይዞ 500 ቶን እንዴት ይጎትታል? ክብደት ይበደራል። ማያያዣውን በሃይድሮሊክ ከፉርጎው ማያያዣ ስር አስገብቶ ወደ ላይ ይገፋል። ፉርጎው ጥቂት ቀና ይላል፣ ከክብደቱ ከፊሉ ጎታቹ ላይ ያርፋል። የብረት እግሮቹ ሐዲዱን ጠበቅ አድርገው ይጫናሉ። የፎርክሊፍት ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው ይሄ ነው። እሱ ጭነት ሲበዛበት ይፈራል፤ ጎታች ግን ጭኖ ነው የሚበረታው።

የነበረው አሠራር

እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ የአየር ፍሬን አለው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1872 ካወጣው አሠራር ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚረዳው። ከፉርጎ ፉርጎ በሚያልፈው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል። አየሩ ሲቀንስ ፍሬኑ ይይዛል። የሚይዘው ግን በየፉርጎው ታንክ ውስጥ በተጠራቀመ አየር ነው። ታንኩ ባዶ ከሆነ ፉርጎው ፍሬን የለውም ማለት ነው። በቃ፣ በብረት እግር ላይ የቆመ ጎተራ ነው።

በእኛ ግቢ የአየር ቱቦውን ከጎታቹ ጋር የሚያያይዝ አልነበረም። ኮምፕረሰሩ ትንሽ ስለሆነ 4 ፉርጎ ለመሙላት ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የምድር ሠራተኛው በየፉርጎው ጎን ያለውን ዘንግ ይስባል። አየሩ ጭስስ ብሎ ይወጣል፣ ፍሬኑ ይለቃል። ይህን «ማስተንፈስ» እንለዋለን። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑ ይፈታል። ፉርጎዎቹ ነፃ ይሆናሉ። የሚያቆማቸው የጎታቹ የራሱ ፍሬን ብቻ ነው። ለዓመታት እንዲህ ተሠርቷል። አንድም ቀን ችግር አልተፈጠረም።

ከበሩ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው ሐዲድ ለዓይን ሜዳ ነው። ሜዳ ነው ብለን ነበር የምንኖረው።

ያ ጠዋት

ታኅሣሥ ነበር። ሌሊቱን አመዳይ ወርዶ ሐዲዱ ነጭ ሆኗል። የጠዋቱ ኦፕሬተር ወጣት ነው፣ ከፎርክሊፍት ከተዛወረ ዓመት አልሞላውም። የምድር ሠራተኛው ስድሳዎቹን ያጋመሱ የእኛ አገር ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ወጣትነታቸውን ድሬዳዋ፣ በድሮው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ባቡር ነው የጨረሱት። ለገሀርንም ፉርጎንም ከፈረንሳይኛ የሰጠን ያ መስመር ነው።

4 ሙሉ ፉርጎዎች ወደ ጉድጓዱ ይወርዳሉ። ጎታቹ ከፊት ነው፣ ፉርጎዎቹ ከኋላው ይከተላሉ። ጋሼ አስተነፈሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ፈቱ። ኦፕሬተሩ ክብደት ተበደረ፣ ተነሣ። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ያህል ነበር። ጉድጓዱ ሊደርስ 60 ሜትር ገደማ ሲቀረው ፍሬን ያዘ።

የጎታቹ የብረት እግሮች መዞር አቆሙ። ማሽኑ ግን አልቆመም።

የአሸዋውን ቁልፍ ተጫነ። ጎታች ከእግሩ ፊት ሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚረጭ ሳጥን አለው፣ ለእንዲህ ያለው ቀን። አሸዋው እርጥበት ገብቶበት ረግቶ ነበር። ምንም አልወጣም።

ጋሼ ጉድጓዱ አጠገብ ነበሩ። እግሩ የማይዞር ማሽን ወደ እሳቸው ሲመጣ አዩ። በሬዲዮ «ስቶፕ! ስቶፕ!» አሉ። ልጁ ፍሬኑ ላይ ቆሞ ነበር። ጉድጓዱ ላይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ የብረት ፍርግርጉን ይጠርጋል፣ ጆሮው ተሸፍኗል። ጋሼ ሮጠው በጃኬቱ ክሳድ ጎትተው አወጡት። ሁለቱም በረዶው ላይ ወደቁ።

ጎታቹ ጉድጓዱን አልፎ ሄደ። ወዲያ ማዶ የእጅ ፍሬን ይዘው የቆሙ ሁለት ባዶ ፉርጎዎች ነበሩ። እነሱ ላይ አረፈ። የጎታቹ ማያያዣ ተጣመመ። የአንዱ ባዶ ፉርጎ የፊት እግሮች ከሐዲድ ወጡ። ልጁ ትከሻው ከመስኮቱ ጋር ተላትሞ በልዞ ነበር። ሌላ የተጎዳ የለም። ፉርጎውን በክሬን መልሶ ሐዲድ ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ቀን ፈጀ።

መጀመሪያ የተባለው

«ኦፕሬተሩ ፈጥኗል።» ገና ከሰዓት ሳይሆን ይሄ ተባለ። ልጁ ወደ ቤት ተላከ። የማባረሪያ ወረቀቱ እየተዘጋጀ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

እኔ የማታው ፈረቃ ኦፕሬተር ነበርኩ። የደህንነት ኃላፊዋ ለማጣራት 3 ሰው ስትሰበስብ ጠራችኝ። አንዱ ምክንያት ለጋሼ እንዳስተረጉም ነው። የበሩን ካሜራ አየን። ልጁ አልፈጠነም። ሁሉን እንደተማረው አድርጓል።

ጋሼን ምን አዩ አልኳቸው። ያዩትን ነገሩኝ። ከዚያ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እኔ ይሄን ነገር ሁለት ጊዜ ለአለቃው ነግሬዋለሁ» አሉ።

«ምን ብለው ነገሩት?»

«ኖ ኤር፣ ኖ ጉድ አልኩት። እሺ እሺ ብሎ ሄደ።»

አለቃውን ጠየቅነው። ያስታውሳል። ጋሼ የጎታቹ ጎማ ነፋስ ጎደለ ያሉት መስሎት መካኒኩን ልኮ ጎማውን አስለክቷል፣ ሁለቱንም ጊዜ። መካኒኩም መዝገቡ ላይ «ጎማ ደህና» ብሎ ፈርሟል። መዝገቡን ሳየው ሳቄ መጣ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

ሒሳቡ

ለዓመታት የሠራ ነገር ለምን አንድ ቀን ከዳ? መልሱን ለማግኘት ሐዲዱን መለካት ነበረብን። ቀያሽ እስኪመጣ አልጠበቅንም። ጋሼ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውሃ የሞላበት ግልጽ ላስቲክ ይዘው ቀረቡ። በ10፣ በ10 ሜትር እየለካን ወረድን። በ100 ሜትር 80 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል። በኋላ የመጣው ቀያሽ ያገኘውም ከዚሁ አይርቅም።

80 ሴንቲሜትር ምንም አይመስልም። በፉርጎ ሲባዛ ግን ይለያል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ ቶን 8 ኪሎ ያህል ወደ ታች ይገፋል። 4 ፉርጎ 520 ቶን ነው። ግፊቱ 4.2 ቶን ገደማ ይሆናል። ፉርጎዎቹ በራሳቸው ሰበቃ 1 ቶን ገደማ ይይዙታል። የቀረው 3.2 ቶን ጎታቹ ላይ ይወድቃል።

ጎታቹስ ምን ያህል ይይዛል? 15 ቶን ራሱ፣ 10 ቶን ተበድሮ፣ 25 ቶን እንበል። ብረት በደረቅ ብረት ላይ የክብደቱን ሩብ ያህል ይይዛል። ይሄ 6 ቶን ይሆናል። የ3.2 እጥፍ ገደማ ነው። ደረቅ ቀን ለምን ችግር እንዳልነበረ ይሄው። አመዳይ ሲወርድ መያዣው ወደ ክብደቱ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፣ ከዚያም ያንሳል። 25 ቶን 2.5 ይይዛል። 2.5 ከ3.2 ያንሳል። አለቀ። ማንም ሰው መሪው ላይ ቢቀመጥ ያ ማሽን አይቆምም ነበር።

የደህንነት ኃላፊዋ ይህን ሒሳብ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠችው። የማባረሪያው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ልጁም በሳምንቱ ተመለሰ።

የሞከርናቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ማስታወቂያ መለጠፍ ነበር። «በበረዶ ቀን ተጠንቅቀህ ንዳ።» እንዲህ ያለ ወረቀት ግድግዳ ከማሳመር ሌላ ጥቅም የለውም። ልጁ ተጠንቅቆ ነበር እኮ።

ሁለተኛው፣ ያለ አየር ከ2 ፉርጎ በላይ አይንቀሳቀስ የሚል ደንብ ነው። በሒሳቡ ልክ ነው። የ2 ፉርጎ ግፊት 1.6 ቶን ገደማ ስለሆነ አመዳይ ቢኖርም ጎታቹ ይይዘዋል። 3 ፉርጎ 2.4 ይሆናል፣ ከ2.5 የሚያንሰው ለጥቂት ነው። ግን ምልልሱ በእጥፍ ጨመረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሌሊት ፈረቃው በድብቅ 4 መጎተት ጀመረ። ካሜራው ላይ አየናቸው። አልፈረድኩባቸውም፤ የሚራገፈው ቁጥር አልተቀነሰላቸውማ።

ሦስተኛው የሻጭ ሐሳብ ነው። አንድ የማሽን ሻጭ መጥቶ ትልቅ ጎታች ግዙ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጓጓ። ትልቅ ማሽን ብዙ ይጎትታል፣ እውነት ነው። ብዙ መጎተት ሲችል ግን ከኋላው ብዙ ይንጠለጠልለታል። ፍሬን የሌላቸው 8 ፉርጎዎች 4ቱ ከሚገፉት እጥፍ ይገፋሉ። ችግራችን የመጎተት አልነበረም። አልተገዛም።

የሠራው አራተኛው ነው፤ አየሩን ማያያዝ። ሁሉም የሚያውቀው ሐሳብ ነበር፣ 20 ደቂቃው ነበር ያስቸገረው። ደቂቃውን ማሳጠር ሲያቅተን ሸሸግነው። ፈረቃው ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ቱቦውን ማያያዝና ኮምፕረሰሩን ማስነሣት ሆነ። አየሩ እየሞላ ሳለ ጉድጓዱ ይጠረጋል፣ ወረቀቱ ይሞላል፣ የፉርጎ ቁጥር ይመዘገባል። ድሮ ጉድጓዱ የሚጠረገው ፉርጎው እየመጣ ነበር። አሁን ፉርጎው ቆሞ ሳለ ነው። አንድ ሰው ሐዲድ ላይ ካለ ሰማያዊ ምልክት ይሰቀላል። የሰቀለው ሰው ራሱ ካላነሣው ማንም ጎታቹን አያንቀሳቅስም። ስለዚህ አንድ እርምጃ ሁለት ነገር አስተካከለ፣ ሁለተኛውን እኔ አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር።

አየሩ ከሞላ በኋላ ይፈተናል። ኦፕሬተሩ አየር ይቀንሳል። የምድር ሠራተኛው በየፉርጎው እየዞረ ፍሬኑ የብረት እግሩን መያዙን በዓይኑ ያያል። ያልያዘ ካለ ያ ፉርጎ እንደሌለ ይቆጠራል። 4 ፉርጎ 32 የብረት እግር አለው። ሁሉም ሲይዙ ጎታቹ ላይ የሚቀረው ጫና ቀላል ነው።

አሸዋው ደግሞ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ በክዳን በርሜል ተቀመጠ። ከሥራ በፊት አንዴ ተረጭቶ ይታያል። ይሄ ከሁሉም ርካሹ ነበር።

ያልሠራው ሌላው ካሜራ ነው። ጎታቹ ላይ ከኋላ የሚያሳይ ካሜራ ተገጠመ። በክረምት መስታወቱ ይደፈናል። ከዚያ የባሰው ግን ኦፕሬተሮቹ ስክሪኑን እያዩ ሬዲዮውን መስማት ተዉ። ካሜራው አሁንም አለ፣ የሚነዳው ግን በሬዲዮ ነው።

ሬዲዮው ላይ የምንለው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የግቢያችን ሰው እንግሊዝኛ የየራሱ ነው። የሶማሌ፣ የሜክሲኮ፣ የእኛ፣ የአገሬው። ስለዚህ ቃሉን ቆጥረን ወሰንን። ርቀት በፉርጎ ይነገራል። «ሦስት»፣ «ሁለት»፣ «አንድ»፣ «ግማሽ»፣ «ቁም»። አንድ ፉርጎ ወደ 18 ሜትር ስለሆነ ሁሉም በዓይኑ ይገምተዋል። የተነገረው ርቀት ግማሹ አልፎ ሌላ ድምፅ ካልተሰማ ኦፕሬተሩ ያቆማል። ባትሪ ቢያልቅ፣ ሰው ቢወድቅ፣ ጫጫታ ቢበዛ ያው ነው። ዝም ካለ ቁም። ይሄ በባቡር ዓለም የቆየ ደንብ ነው፣ እኛ አልፈጠርነውም።

ሌላም ጨመርን። የምድር ሠራተኛ «አይሆንም» ካለ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ሥራው ይቆማል፣ አለቃው ወርዶ ያሳየኝ ይላል። በጣት ያሳዩታል። ጋሼ ያኔ ቱቦውን በጣታቸው ቢያሳዩት ኖሮ አለቃው ጎማ አያስለካም ነበር።

ለሌላ ግቢ የሚሆን

ወዳጄ፣ አዲሱ ግቢህ ስትገባ ሐዲዱን በዓይንህ አትመን። በውሃ ልክ ለካው፣ ወይ ለክተው ከሆነ ወረቀቱን ጠይቅ። ቁልቁለቱን ስታውቅ ስንት ፉርጎ በእርጥብ ቀን መያዝ እንደምትችል በአንድ ወረቀት ይወጣል። የሻጩ መጽሐፍ ላይ ያለው የመጎተት አቅም ለደረቅ ሐዲድ ነው፤ ስለ ማቆም ብዙም አይነግርህም።

የቅርቡ ፉርጎ ባዶ ከሆነ የምትበደረው ክብደት ያንሳል። ባዶ ፉርጎ 30 ቶን ገደማ ነው፣ ብዙ ብታነሣው ከሐዲድ ሊወጣብህ ይችላል። ሙሉው ወደ አንተ እንዲሆን ፉርጎዎቹን አሰልፍ።

ጎታቹን ከፉርጎ ከመፍታትህ በፊት የእጅ ፍሬን አስይዝ፣ ከዚያ ገፋ አድርገህ ይይዝ እንደሆነ ፈትን። ባቡሩ ትቶት ሲሄድ አየሩ ይዞት ነበር ብለህ አትመን። አየር በሰዓታት ውስጥ ሾልኮ ያልቃል። ታኮም ጨምር። ያገራችን ረዳት ለተሳቢ መኪና የሚያደርገውን ለፉርጎ አታሳንስበት።

አንድ ነገር አመለጠ ሲባልና ጣት ወደ ሹፌሩ ሲቀሰር ደግሞ መጀመሪያ ካሜራውን አስከፍት።

አሁን ያለበት

ቁልቁለቱ እንዳለ ነው። ሐዲዱን ማስተካከል ውድ ስለሆነ በየዓመቱ በጀት ላይ ይጻፋል፣ በየዓመቱ ይሰረዛል። የሌሊት ፈረቃው አየር ማያያዙን ለምዶታል። አሁን አንድ ሰው ሳያያይዝ ሊነሣ ሲል የሚቆጡት እነሱው ናቸው።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ከመውጣታቸው በፊት የነበረውን አንድ ወር አዲስ የምድር ሠራተኞችን ሲያሠለጥኑ ነበር። ልጁን፣ ያን ኦፕሬተር፣ ረዳት አድርገው ሰጧቸው። እሳቸው በጣታቸው ያሳያሉ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ያብራራል። አንድ ቀን ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሰማኋቸው። ጋሼ ቱቦውን በእጃቸው ይዘው «ኖ ኤር» አሉ። ልጁ ቀበል አደረገና ለአዲሶቹ ዌስቲንግሃውስን ከሥር መሠረቱ ያስተምር ጀመር።